አንድ ክንድ ከስንዝር

ወረታ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአይናለም ሰውመሆን፤ ጅማ።

አንቺስ፣ በሆድሽ ያለውስ፣ እንዴት ናችሁ? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽ ከዳሌዋ በቀር ደህና ናት። ላሟ ሁለመናዋ ደህና ነው።

በስልክ ጮኸሽ ጮኸሽ አልሰማ ስልሽ በወረቀት የላክሽው ጥያቄ በታጁ እጅ ደረሰኝ። ታጁ ሩዝ ጭኖ ጅማ በወረደ ቁጥር የእኛን ደብዳቤ ማመላለስ ሥራው አድርጎታል፤ አላህ ይስጠው። «እማዬ በአውሮፕላን ለምን አትመጣም?» ነው የምትይው። አውሮፕላን ወንበር አለው፣ ልጄ። ለዚህ ነው። እናትሽ ሩዝ ማሳው ጭቃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ውስጥ ብረት ከገባ ወዲህ ወንበር የሚባል ነገር ጠላቷ ነው። ትቆማለች፣ ትተኛለች፤ መቀመጥ ግን ከሩብ ሰዓት በላይ አትችልም። ባለፈው ለምርመራ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ስወስዳት ሐሙሲት ሳንደርስ ማልቀስ ጀመረች። እናትሽ ስታለቅስ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔም አይቼ አላውቅም ነበር።

አንቺ ደግሞ ሐኪሙ ከቤትሽ እንዳትወጪ አስሮሻል። እሷ «ልጄ ስትወልድ አጠገቧ ካልሆንኩ እናት አትበሉኝ» ብላ ምግብ መብላት ቀንሳለች። እኔ መሐል ላይ ነኝ። ስለዚህ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ገዝቻለሁ፤ ጣሪያው ከፍ ያለው ዓይነት። ወንበሮቹን አውጥቼ አልጋ አስገባበታለሁ። ከወረታ ጅማ ተኝታ ትሄዳለች። መንገድ ላይ እዚያው እናበስላለን፣ እዚያው እናድራለን። በጉብዝናዬ ኤንትሬ የጭነት መኪና የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ሚኒባስ አያቅተኝም።

አንቺ የጅማን ሰው ኩሽና ሁሉ የምትሠሪ አናጢ ነሽና ፕላን ላኪልኝ። በሰባት ዓመትሽ የአልጋዬን እግር በመጋዝ ገዝግዘሽ እናትሽ ጆሮሽን ጠምዝዛሽ ነበር፤ ዛሬ በይ አስተምሪኝ። ግድግዳውን ግን እኔው አስቤበታለሁ። ላሜራው ባዶውን ስለሆነ ፀሐይ ሲመታው እጅ አያስነካም። በውስጥ በኩል ሌላ ላሜራ እገጥምና መሐሉን በሩዝ ገለፈት እሞላዋለሁ። መፈልፈያው የሚተፋው ገለፈት እዚህ ተራራ ሆኖ ተቆልሏል፣ የሚፈልገው የለም። ቀላል ነው፣ ሙቀትም ብርድም አያሳልፍም።

አባትሽ ሰውመሆን

ጅማ፣ ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ሰውመሆን፤ ወረታ።

ገለፈቱን እንዳያስገቡ። ሰላምታው ከታች አለ፤ ይህን ሳያነቡ ወደ ጋራዥ እንዳይሄዱብኝ ብዬ ነው ያስቀደምኩት። ገለፈቱን እንዳያስገቡ፣ አባዬ።

አሁን ሰላምታ። እንዴት ሰነበቱ? እማዬስ? እኔ ደህና ነኝ። አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሐኪሙ ለጥቅምት መጀመሪያ ነው ይላል። ባለቤቴ ይርጋለም ተማሪዎቹን የሚቆጣበትን ድምፅ ወደ ቤት ይዞት መምጣት ጀምሯል፤ ከአልጋ በተነሳሁ ቁጥር ስም የሚጠራ ይመስለዋል።

ገለፈት ውሃ ይጠጣል። አይጥ ይጠራል። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ደግሞ ወደ ታች ይሰበሰብና የግድግዳው ላይኛ ግማሽ ባዶ ይቀራል። ከባሕር ዳር ስፖንጅ ያስመጡ፤ በላዩ ላይ ስስ ኮምፔርሳቶ ይምቱበት፤ አለቀ። ከዚያ በፊት ግን ጣሪያውን ይፈትሹ። አንድ ሰው በባልዲ ውሃ ያፍስስበት፣ እርስዎ ውስጥ ይቀመጡ። ቢያፈስ ያያሉ፤ መስማት አያስፈልገውም።

አልጋው በቁመት፣ ከሾፌሩ ጀርባ ይሁን። በአግድም ካደረጉት በየመታጠፊያው ትንከባለላለች። ራስጌዋ ወደ እርስዎ ይሁን፤ ሲያማት ልታስቆምዎት ይገባል። ብትጮኽ እንደማይሰሟት ስለማውቅ ከእጇ ወደ ክንድዎ ገመድ ይሰሩ፤ ስትስበው ይቆማሉ። የአልጋው ከፍታ አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው። ፕላኑ ላይ በቀይ ጽፌዋለሁ። ከፍ ካለ እማዬ ከነፍራሹ በመኪናው ላይኛ ግማሽ ትሆናለች፤ አባይ በረሃ ጠመዝማዛው ላይ ደግሞ ክብደት ከላይ አይፈለግም። ከሥሩ ዕቃ ይቀመጥበታል። ከሰል መኪናው ውስጥ አይነደድም። ዝናብ ቢዘንብም፣ ብርድ ቢሆንም፣ እማዬ ብትለምንዎትም አይነደድም፤ ተኝታችሁ ትቀራላችሁ። ቡታጋዙን በር ከፍተው ውጭ ያቀጣጥሉት። ወንበር ከማውጣትዎ በፊት ደግሞ ሊብሬውን ያስለውጡ፤ አለበለዚያ ቦሎ አይሰጡዎትም።

ልጅዎ አይናለም

ወረታ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአይናለም።

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰ። ገለፈቱ ገብቷል። የጋራዡ ቻላቸው የውስጡን ላሜራ በብሎን ጠርቅሞበት፣ ቀለም ቀብቶት፣ እጁን ታጥቦ ነበር። በእኔ አልፈርድም። ሃያ ሁለት ዓመት መፈልፈያ ሥር ቆሜ ጆሮዬን የገበርኩ ሰው ነኝ፤ ገለፈት ከእኔ በላይ የሚያውቅ ፎገራ ላይ የለም።

ስለ ሊብሬው ትራንስፖርት ቢሮ ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ፣ «ምን ልበለው፣ አባት? የሰው ነው የዕቃ?» አለችኝ።

«የሚስቴ ነው» አልኳት።

«የሚጭነውን ነው የጠየቅኩዎት።»

«ሚስቴን ነዋ የሚጭነው!»

አንድ ሰው ብቻ ተኝቶ የሚሄድበት ሚኒባስ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም ብላ ሦስት ቀን አመላለሰችኝ። በሦስተኛው ቀን እናትሽን በከዘራ ይዣት ሄድኩና ወንበር ሲያቀርቡላት አልቀመጥ አለች። ቆማ አየቻቸው፣ እነሱም አዩዋት። ወረቀቱ ያን ዕለት አለቀ።

ሁለት ነገር ግን ካንቺ ጋር አልስማማም። አንደኛ፣ ውሃ። ሁለት መቶ ሊትር በርሜል ጣሪያው ላይ በብሎን አስሬያለሁ፤ ቧንቧ ተገጥሞለታል፣ እንደ ከተማ ቤት ነው። ሁለተኛ፣ የአልጋው ከፍታ። የቤታችን አልጋ በእጄ ስለካው አንድ ክንድ ከስንዝር ነው። እናትሽ በዓለም ላይ ራሷን ችላ የምትነሳው ከዚያ አልጋ ብቻ ነው፤ ዳር ላይ ትንሸራተትና እግሯ መሬት ይነካል፣ መታጠፍ ሳያስፈልጋት ትቆማለች። አርባ አምስት ሳንቲ ለእሷ ጉድጓድ ነው።

ጣሪያው ያፈሳል ወይ ላልሽው ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አባትሽ

ጅማ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ።

እንዴት ሰነበቱ። ደህና ነኝ። እግሬ አብጧል። የቫርኒሽ ሽታ አልችል ብዬ ወርክሾፑ ውስጥ አልገባም፤ ሠራተኞቼ መስኮት ላይ መጥተው ይጠይቁኛል፣ እኔ በመስኮት እጮኻለሁ። በዚህ ላይ የእርስዎ ደብዳቤ መጣ።

ሁለት መቶ ሊትር ውሃ ሁለት ኩንታል ነው። ሁለት ኩንታል ጣሪያ ላይ አስረው፣ ያውም የሚወዛወዝ ውሃ፣ አባይ በረሃ ሊወርዱ ነው? እናቴን ሊገለብጧት ነው? ዛሬውኑ ያውርዱት! አራት ጀሪካን ሞልተው ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ፣ ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ ያስቀምጡ። ሌላ አያስፈልግም።

ከፍታው አርባ አምስት ነው። ሥራዬ ነው አባዬ። አሥራ ሁለት ዓመት አልጋ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ሰው ሁሉ ከአርባ አምስት ሳንቲ ይነሳል። ለእማዬ ጣሪያው ላይ መያዣ ብረት ይግጠሙላት፤ በሁለት እጇ ይዛ ትነሳለች። ክንድና ስንዝር መለኪያ አይደለም፤ የእርስዎ ክንድና የእኔ ክንድ አንድ አይደለም።

ጣሪያው ያፈሳል ወይ? «ሌላ ጊዜ» የሚባል መልስ አልጠየቅኩም።

አይናለም

ወረታ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ ለአይናለም።

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሰላም ለባለቤትሽ ለመምህር ይርጋለም። ሰላም ስማቸውን ለማላውቃቸው ጎረቤቶችሽ፣ በመስኮት ለሚጠይቁሽ ሠራተኞችሽ ሁሉ። ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? እኛን በጣም ጥሩ ይዞናል። ርብ ሞልቶ ሜዳውን አልብሶታል። ከቤታችን በር እስከ ታች ድረስ ውሃ ብቻ ነው የሚታየው። ሩዙ በዚህ ዓመት ያምራል ይላሉ። ላሟ ወልዳለች፤ ወንድ ጥጃ ነው። እናትሽ ለአራስነትሽ የገንፎ እህል አስፈጭታ፣ ቅቤ አንጥራ፣ በሦስት ቅል አሽጋ አስቀምጣለች። ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም።

አልጋውን በፕላንሽ አርባ አምስት አድርጌ ሠርቼዋለሁ። መያዣ ብረቱም ተገጥሟል። እንግዲህ እንደ ቃልሽ።

በርሜሉንም እንደ ቃልሽ አወረድኩት። የታሰረበት አራት የብሎን ቀዳዳ ግን ጣሪያው ላይ ቀረ። ነገ እደፍነዋለሁ ስል ዝናቡ ቀደመኝ። እንግዲህ በርሜሉን አውርድ ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ ይህን መጻፍ ግድ ሆኖብኝ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር አለች። ሰኞ ጠዋት እናትሽ በሩ ላይ ቆማ ወደ መኪናው ስታይ ቆየች። ከዚያ መጥታ ደህነኛው ጆሮዬ ላይ አፏን ገጥማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ መኪናህ በቅሏል» አለችኝ። አልሰማሁም መስሎኝ ደግሜ አስደገምኳት። ደግማ ነገረችኝ።

ሩዝ ነው። ገለፈቱ ውስጥ ያልተፈለፈለ ፍሬ ነበረበት። መፈልፈያው አሮጌ ስለሆነ ከአሥር አንዱን ሳይፈለፍል ነው የሚተፋው፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እኔው ነኝ የረሳሁት። ውሃ አገኘ፣ ሙቀት አገኘ፣ በየብሎኑ ዳርና በመስኮቱ ሥር ወጣ። ጣት የሚያህል፣ ለምለም ነው። ማሳ ላይ ቢሆን ደስ ይል ነበር። ዶሮዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ ጎኑን ሲለቅሙ ይውላሉ። የሰፈሩ ሰው እየመጣ ያያል። ቻላቸው ደግሞ ማዘን ሲገባው፣ «አረሙን መቼ ነው የምናርመው?» አለኝ። ለአንድ ሳምንት አላናገርኩትም።

አትቆጪ። ቁጣ ላንቺ ጥሩ አይደለም።

አባትሽ

ጅማ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ሳቅሁ። በጣም ሳቅሁ፤ ይርጋለም ምጥ መጣ ብሎ ጫማውን እየፈለገ ሮጠ። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረና ማቆም አቃተኝ። አሁን አልቅሼ ጨርሼ ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ ይስሙኝ።

ያለፈውን ልጄን ያጣሁ ጊዜ እማዬ ዳሌዋን ተሰብራ ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር። እንዳትሰማ ብለን ለሁለት ወር ደበቅናት። እርስዎም በስልክ አልሰሙኝም፤ «ምን አልሽ? ድምፅሽ ይቆራረጣል» እያሉኝ ዘጉት። ድምፄ እየተቆራረጠ አልነበረም። ያን ቀን ማንም አጠገቤ አልነበረም። ይርጋለም ነበረ፤ ግን እሱም ራሱን የሚይዝለት ሰው ይፈልግ ነበር።

ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። አሥር ሠራተኛ አዛለሁ። እናቴን እፈልጋለሁ። እርስዎ ሩዝ ይዘሩብኛል!

ሁሉንም ያውጡት። ላሜራውን ይፍቱ፣ ገለፈቱን ጠርገው ያውጡ፣ በሮቹን ከፍተው ቢያንስ ሦስት ፀሐያማ ቀን ያድርቁት። ቀዳዳዎቹን ቻላቸው በላሜራ ይድፈን፤ ያናግሩት፣ ኩርፊያዎን ለኅዳር ያቆዩት። ከዚያ ስፖንጅ። ከዚያ ኮምፔርሳቶ። ከዚያ እማዬን ይዘው እስከ ሐሙሲት ሄደው ይመለሱና ይሞክሩት። ሳይሞክሩ ወደዚህ እንዳይነሱ።

አይናለም

ወረታ፣ መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ።

እንኳን አደረሰሽ። ያን ቀን ስልክ ላይ ያልሽኝን ስላልሰማሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህን ብቻ ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ገለፈቱ ወጥቷል። ቀዳዳው ተደፍኗል፤ በባልዲ አስፈስሼ ውስጥ ተቀምጬ አየሁ፣ ጠብ አላለም። ስፖንጁም ኮምፔርሳቶውም ገብቷል። ቻላቸውን አናግሬዋለሁ።

ትናንት ሐሙሲት ሄድን። መሄጃው ጥሩ ነበር። እናትሽ ተኝታ፣ ትራስ ተደግፋ፣ ሜዳውን በመስኮት እያየች ሄደች። ገመዱ ይሠራል፤ ከሚገባው በላይ ይሠራል። ሐሙሲት እስክንደርስ አሥራ አንድ ጊዜ ስባኛለች። አራቱ ለፍየል ነው። አንዱ ቤቱን ቆልፈሃል ወይ ለማለት ነው። አንዱን ምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ ዞር ስል እየሳቀች ነበር።

ሐሙሲት ስንደርስ ልነሳና እግሬን ላፍታታ አለች። አልተነሳችም። መያዣውን ብረት በሁለት እጇ ያዘችው፤ ክንዷ ይስባል፣ ዳሌዋ አይታጠፍም። እኔ ልስባት ስል ጮኸች። ጩኸቷን ሰማሁት፣ አይናለም። እኔ! ገበያተኛው ተሰበሰበ። በመጨረሻ ሦስት ሴቶች ከነፍራሹ ወደ በሩ ጎትተው አቆሟት። አንዷ፣ «እናቴ፣ እንዲህ ሆነው የት ሊሄዱ ነው?» አለቻት።

ስንመለስ ገመዱ ወረታ እስክንደርስ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳበም።

ቤት ስንገባ፣ «ልጄ አራስ ሆና እኔን ታነሳለች? አልሄድም። ቅሉን በታጁ ላኩላት» አለች።

አባትሽ

ጅማ፣ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ።

ፕላኑ የእኔ ነው። በቀይ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ሰኔ ላይ ነግረውኝ ነበር፤ ክንድና ስንዝር መለኪያ አይደለም ብዬ መለስኩልዎት። ለእማዬ ይንገሯት፤ እሷ አይደለችም ያቃታት፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንድ ሰው ሳልለካ አልጋ ሠርቼ አላውቅም፤ የእናቴን ግን ሳልለካ ሠራሁ።

አሁን ምን ይደረጋል? ያንን አልጋ በእግር ማሳደግ አይሆንም፤ እንጨቱ ስስ ነው፣ ከፍ ካለ ይወላገዳል። በአንድ ክንድ ከስንዝር የሚቆም አልጋ ወፍራምና ደረቅ እንጨት ይፈልጋል። ክረምት ገና መውጣቱ ነው፤ ወረታ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው። እርጥብ እንጨት አባይ በረሃ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ይሰነጠቃል። እኔ እዚህ ደረቅ ዋንዛ አለኝ፤ ግን ሠርቼ በታጁ ብልክ በትንሹ ሦስት ሳምንት ነው። ሦስት ሳምንት የለኝም። ሐኪሙ ከጥቅምት አሥር አያልፍም ብሏል።

ስለዚህ ይተዉት አባዬ። ደክመዋል። እኔም ሰው ስጨቀጭቅ አራት ወር አለፈኝ። ቅሉን ይላኩልኝ። እማዬን አልተቀየምኳትም ይበሏት።

አይናለም

ወረታ፣ መስከረም 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአይናለም።

ደረቅ እንጨት ተገኝቷል። ወፍራም ነው። ከየት እንደሆነ ታጁን አትጠይቂው፤ እንዳይናገር አስምዬዋለሁ። እናትሽ ትናንት ስምንት ጊዜ ተኝታ ስምንት ጊዜ ብቻዋን ተነሳች። ስምንተኛውን ለማሳየት ነው የተነሳችው።

ሰኞ እንነሳለን። አዲሱን ደብዳቤሽን አልጠብቅም፤ ምን እንደሚል አውቀዋለሁ።

አባትሽ

(አይናለም፣ እናትሽ ማናዬ ነኝ። በመሠረተ ትምህርት የተማርኩት ጠፍቶኛልና ፊደሌን አትሳቂበት። ገመዱን እኔ ነኝ የምይዘው። እስክደርስ እንዳትወልጂ።)

ጅማ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ሰውመሆን፤ ወረታ።

እንዴት ሰነበቱ? መኪናውን ለእማዬ ትተው ከታጁ ጋር ደህና ገቡ? ሩዝ አጨዳው ተጀመረ? እማዬ እስክትደርስ የጠበቀችው ልጅ ደህና ናት፤ ጡት ትጠባለች፣ ትተኛለች፣ ተነስታ ትቆጣለች። በቁጣዋ ወደ እርስዎ ሄዳለች።

እማዬ ቤት ውስጥ አትተኛም። የእኔ አልጋዎች ሁሉ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ አናጢ ነኝ የምለው እኔ ለእናቴ የሚሆን አንድ አልጋ ቤቴ ውስጥ የለኝም። ግቢ ውስጥ መኪናው ውስጥ ነው የምትተኛው፣ በሩን ከፍታ። እኔም ከወለድኩ በአሥረኛው ቀን ልጅቷን ይዤ ሄድኩባት፤ አሁን ሦስታችንም እዚያ ነን። ይርጋለም ምግብ በሳህን ይዞ በመኪናው በር ይሰጠናል፣ እንደ ጉልት ገበያተኛ። ይህን ሁሉ የምነግርዎት ለሌላ ነገር ነው።

ትናንት የልጅቷ ጨርቅ በአልጋውና በግድግዳው መሐል ወደቀብኝ። እጄን ሰድጄ ስፈልግ ጣቴ እንጨቱ ውስጥ ገባ። የአልጋው እግር ላይ፣ በግድግዳው በኩል፣ ጣት የሚያህል የመጋዝ ጠባሳ አለ። ጠማማ ነው። እጁን ያልፈታ ልጅ የገዘገዘው ነው።

ሥራዬን በየትም አውቀዋለሁ፣ አባዬ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው።

እማዬን ጠየቅኳት። «አባትሽ እንዳትነግሪያት ብሏል» አለችና ፊቷን አዞረች። አያቴ ለሠርጋችሁ የሠራውን አልጋ፣ አርባ አንድ ዓመት የተኛችሁበትን፣ ቆራርጠው መኪና ውስጥ አስገቡት። ያየሁ እንደሁ ብለው ደግሞ ጠባሳውን ወደ ግድግዳ አዙረውታል።

አሁን ይመልሱልኝ። እርስዎ የት ነው የሚተኙት? ጀርባዎን እንደሚያምዎት አውቃለሁ። አልጋ ሠርቼ በታጁ እልክልዎታለሁ፤ አርባዬ ሳይወጣም ቢሆን እሠራለሁ። ቁመትዎን በክንድ ለክተው ይላኩልኝ። ክንድ ይሁን፣ ግድ የለኝም።

ልጅዎ አይናለም

ወረታ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአይናለም።

እኛ ደህና ነን፤ እኛ ማለት እኔና ላሟ ነን። አጨዳው ተጀምሯል። እህሉ ጥሩ ነው፤ በመኪናው ላይ የበቀለውን ያህል ግን አያምርም ይላል ቻላቸው። እንደገና አኩርፌዋለሁ።

ስለ እንጨቱ ጠይቀሽ ነበር፤ አንቺው ደረስሽበት። ደረቅ ዋንዛ ስትዪ ወረታን ዞርኩ፣ አዲስ ዘመን ከተማ ወጣሁ፣ የለም። ቤት ገብቼ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ የት ይገኛል እያልኩ አስብ ነበር። ምን ላይ እንደተቀመጥኩ የነገረችኝ እናትሽ ናት። እኔ ብቻዬን ቆረጥኩት ብለሽ አትዘኚ፤ አንዱን ጫፍ ይዛልኛለች።

አዲስ አልጋ እንዳትልኪ። አትላኪ ማለት አትላኪ ነው። ሰሌን ላይ ነው የምተኛው፤ ለጀርባ መሬት ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ማን እንዳለ ግን አላስታውስም። የሚያስመርረኝ ሌላ ነው። ወንድ ብትሆን ክርስትናው በአርባ ቀን ነበር፤ ሴት ሆነችና ሰማንያ ቀን አስቆጠረችኝ። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ ቀኑን ነው። ዛሬ አርባ ሁለተኛው ነው።

ሰሌኑ ሰፊ ነው። በእናትሽ በኩል ያለውን ግን አልተኛበትም። ጠዋት ስነሳ ግድግዳው ጋ ተጣብቄ ነው የምነቃው፤ አርባ አንድ ዓመት ወደዚያ ስትገፋኝ ኖራለች፣ አሁን ሳትገፋኝም እሄዳለሁ። ይህን ለእሷ እንዳትነግሪ። ንገሪያት እንጂ፣ ምን አገባኝ።

ክርስትናው እንዳለቀ ሐኪምሽን ጠይቂ። ከፈቀደ እመጣለሁ፤ ሦስታችሁንም በዚያው አልጋ ላይ ጭኜ እመለሳለሁ። ያን ያህል ሰፊ አድርጌ የገጠምኩት ለምን ይመስልሻል? እናትሽ ቀጭን ናት።

ታጁ ልጅቷን አይቷት መጥቶ አሁን ምን ታህላለች ስለው ክንዱን ዘርግቶ አሳየኝ። አንድ ክንድ ናት አለኝ። ስንዝሩን እዚህ መጥታ ትጨምር።

አባትሽ ሰውመሆን